ካሜራው 19:12 ካለ፣ በድሬ ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄው ከድሬዳዋ የመጣ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ልጁንና ቤተሰቡን የሚያስለይ ነገርም አውጥቼበታለሁ።

«በሰፈራችን የ7 ዓመት ልጅ ከጠፋ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። እናቱ እንደምትለው በ8 ሰዓት ገደማ ስኳር እንዲገዛ ልካው በዚያው ቀረ። ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ነው፤ ለእኛ ግን ምንም አይነግሩንም። ስለዚህ ወደ 40 የምንሆን የሰፈር ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ራሳችን እያጣራን ነው። አንደኛ፣ የአንድ ሱቅ ካሜራ ልጁ በ19:12 በበሩ ሲያልፍ ቀድቶታል። ማታ 1 ሰዓት ከ12 ማለት ነው። እናትየው ዋሽታለች። ደግሞም ሲያዩዋት አታለቅስም። ሁለተኛ፣ ከልጁ ኋላ ባጃጅ ያልፋል። የሾፌሩን ፊት በአፕ አጥርተነው የምናውቀው ሰው ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛ፣ ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ የልጅ ሸበጥ አግኝተን በፌስታል አስቀምጠናል። አንዱ ልጅ ደግሞ ቴሌ የሚሠራ ዘመድ አለው፤ የሾፌሩን የስልክ ጥሪ ሊያስወጣልን ነው። አሁን የሾፌሩን ፎቶ እንልቀቀው ወይስ ለፖሊስ ብቻ እንስጥ?»

ፎቶውን አትልቀቁ። ግሩፑ ውስጥ ተለቆ ከሆነም አሁኑኑ አንሱት። ይህን ያስቀደምኩት ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ ነው፤ መሀል ላይ ብታቋርጠው እንኳ ይቺ ትድረስህ። እኔም እዚያው ያደግኩ ስለሆንኩ በድሬ ወግ «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከእናትየው ልጀምር። የላክህልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ካሜራው ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ወደ በሩ ያያል። በረንዳው ላይ ሸራ ተወጥሯል፤ ውስጥ ደግሞ መብራት በርቷል። ስለዚህ በአንድ እይታ ቀን ይሁን ማታ አይለይም። ግን ከታች በቀኝ በኩል፣ የለስላሳው ሳጥን አጠገብ፣ ሸራው የማይሸፍናት ጥግ አለች። እዚያች ጥግ ላይ መሬቱ ነጭ ሆኗል። የሳጥኑ ጥላ አጭር ነው፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ የጠራ ነው። የአምፖል ብርሃን እንደዚህ አያደርግም። ፀሐይ ናት። ድሬ ላይ ደግሞ በየትኛውም ወር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ12 ፀሐይ የለችም።

ታዲያ ካሜራው 19:12 ያለው ለምንድን ነው? በየሱቁ ያሉት መቅጃዎች፣ ዲቪአር የምንላቸው፣ አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። ብዙዎቹ ከካርቶን ሲወጡ በቤጂንግ ሰዓት ተሞልተው ነው የሚመጡት። ባለሙያው ካሜራውን ሰቅሎ፣ ምስሉ መምጣቱን አይቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሰዓቱን የሚያስተካክል ጥቂት ነው። ቤጂንግ ከግሪንዊች በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ በ3። ልዩነቱ 5 ሰዓት ነው። ከ19:12 ላይ 5 ቀንስ። 14:12 ይሆናል። 14:12 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ12 ነው።

እናትየው የነገረቻችሁ ሰዓት ማለት ነው።

ይህን እንደ ግምት ያዘው። ማረጋገጫው ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስልክህ ሰዓቱን ራሱ ከኔትወርክ የሚወስድ መሆኑን አረጋግጥና ወደ ሱቁ ሂድ። የዲቪአሩን ስክሪንና የስልክህን ሰዓት አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ፣ በሌላ ሰው ስልክ አንድ ፎቶ አንሳ። ልዩነቱ 5 ሰዓት ከሆነ ነገሩ አለቀ። 5 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከሆነም ጥሩ፤ 9 ደቂቃዋንም አብረህ ትቀንሳለህ። አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰዓቱን እንዳታስተካክሉት። ባለሱቁ ደንግጦ «ላስተካክለው» ካለ እጁን ያዘው፤ የተሳሳተው ሰዓት ራሱ ማስረጃ ነው። በእነዚህ 9 ቀናት መብራት መቼ መቼ እንደጠፋም ጠይቀውና ጻፍ። የአንዳንድ ዲቪአር ትንሿ የሰዓት ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ሌላ ቀን ይዘላል።

በእኛ አገር የምስክርነት ሰዓት ሁልጊዜ ጣጣ ነው። ምስክሩ «በ8 ሰዓት» ይላል። ስልኩ 14:00 ይላል። ካሜራው የራሱን ይላል። ቀኑም እንደዚያው፤ አንዱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ። በሥራ ዘመኔ አንድ ቃል ተቀባይ «በ2 ሰዓት» የተባለውን እንደ ፈረንጅ 2 ሰዓት መዝግቦት፣ ጠዋትን በቀትር ስንፈልግ ሁለት ቀን አጥፍተናል። ከዚያ ወዲህ ልማዴ ተቀይሯል። ሰውየው እንዳለው እጽፋለሁ። ከጎኑ ደግሞ «ጀንበር የት ነበረች? አዛን ተብሎ ነበር? ምሳ በልተህ ነበር?» ብዬ ጠይቄ መልሱን አስከትላለሁ።

ሰዓቱ ከተስተካከለ ሌላም ነገር ይፈታል። ጉዳዩን የማታ አድርጋችሁ ስለያዛችሁት ስትጠይቁ የከረማችሁት ማታ መንገድ ላይ የሚቆመውን ሰው ነው። ማንም አላየውም፤ ያን ደግሞ «ሰፈሩ እየደበቀ ነው» ብላችሁ ተረጎማችሁት። ድሬ በ8 ሰዓት ምን እንደምትመስል አንተ ታውቃለህ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ወንዱ ምሳውን በልቶ ወይ ተኝቷል ወይ ለበርጫ ተቀምጧል። አስፋልቱ ላይ ፍየል እንኳ የለም። አንድ የ7 ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት ማንም ሳያየው ሦስት መንገድ ቢያቋርጥ አይገርምም። በዚያ ሰዓት የሚነቃው ሌላ ነው። ጥላ ሥር የተቀመጠች ጫት ሻጭ፣ የመጋዘን ዘበኛ፣ ከሰዓት ፈረቃ የሚማር ተማሪ፣ ዛፍ ሥር ባጃጁ ውስጥ የተጋደመ ሾፌር። የእነሱን ስም ጽፋችሁ ለመርማሪው ስጡ።

«አታለቅስም» ላላችሁት፣ በዚህ ነገር የተጎዳች አንዲት ሴት ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1980 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ኡሉሩ በሚባለው ትልቅ ቋጥኝ አጠገብ ድንኳን ጥለው የነበሩ ባልና ሚስት ሕፃን ልጃቸው ከድንኳኑ ጠፋች። አዛሪያ ትባላለች፤ ገና ሁለት ወር ገደማዋ ነበር። እናቲቱ ሊንዲ ቻምበርሊን «ዲንጎ ወሰዳት» አለች። ዲንጎ የዚያ አገር የዱር ውሻ ነው። አገሩ ሁሉ መርማሪ ሆነ። ቴሌቪዥን ላይ ሲያዩዋት አላለቀሰችም፤ ረጋ ብላ ተናገረች። በዚህ ብቻ ብዙ ሰው ፈረደባት። ቀጥሎ መኪናቸው ውስጥ «የሕፃን ደም» ተገኘ ተባለ። በ1982 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በ1986 የሕፃኗ ሹራብ የዲንጎ ጎሬዎች ባሉበት አካባቢ በአጋጣሚ ተገኘና ተፈታች። ደም የተባለውም ሲመረመር፣ መኪናው ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የተረጨ የድምፅ መከላከያ ሆኖ ተገኘ። ፍርዱ በ1988 ተሻረ። «ሕፃኗን የወሰዳት ዲንጎ ነው» ተብሎ በይፋ የተመዘገበው ግን በ2012 ነው። እናቲቱ የመጀመሪያው ሌሊት የተናገረችው እስኪታመን 32 ዓመት ሄደ። ያኔ ስህተት የሠሩት ላቦራቶሪ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። እናንተ ያላችሁ ግሩፕ ነው።

የሰው ሐዘን መልኩ ብዙ ነው። አንዷ ደረቷን ትደቃለች፤ አንዷ ትደርቃለች። 9 ቀን እንቅልፍ ያላየች ሴት ፊቷ ላይ የምታየው ነገር ስለ ድካሟ እንጂ ስለ ጥፋቷ አይነግርህም። ወላጅን መጠየቅ የምርመራው ወግ ነው። መርማሪው ሳይጠይቃት አይቀርም፤ መጠየቅም አለበት። ግን በር ዘግቶ ነው የሚጠይቃት።

አሁን ወደ ሾፌሩ። እዚህ ላይ ኮስተር ልበል። ፊት ማጥሪያ የምትሉት አፕ አያጠራም፤ ይስላል። በላካችሁት ቪዲዮ ላይ የሾፌሩ ፊት በስፋቱ ከ15 ፒክስል (ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) አይበልጥም። ዓይኑ ሁለት ጥቁር ነጥብ ነው፤ አፉ ጭራሽ የለም። አፑ የጎደለውን ቀደም ሲል ከተማረባቸው እልፍ ፊቶች እያዋጣ ይሞላዋል። የሚወጣልህ ፊት የሚያምር፣ የጠራ፣ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ነው። ያ ሰው ግን ባጃጁ ውስጥ አልነበረም። ምናልባትም ዓለም ላይ የለም። ያንኑ ምስል ለሌላ አፕ ብትሰጠው ሌላ ሰው ያወጣልሃል። 40 ሰው ተሰብስቦ ሲያየው ደግሞ ከመካከላችሁ አንዱ «ይሄማ እገሌን ይመስላል» ይላል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሌላው ሁሉ እገሌን ነው የሚያየው።

ይህ የድሬ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረባዋ ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። አንዱን ቡድን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ሌላውን «ሲላተሙ» እያሉ ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲሏቸው፣ «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ተማሪዎች 16ቱ አይተናል አሉ። «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ግን 7ቱ ብቻ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንዲት ቃል ይህን ከሠራች፣ 9 ቀን ሙሉ የተንጫጫ ግሩፕ ምን ይሠራል? እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ከሰዓት በርጫ ላይ «ሊሆን ይችላል» ተብሎ የተወለደ ሐሳብ ምርቃናው ሳይበርድ «ነው አሉ» ይሆናል። ማታ ቴሌግራም ላይ «ተረጋግጧል» ሆኖ ይወጣል። እኔም ተቀምጬበት ስለማውቅ ነው የምናገረው። ስለዚህ ልጁን ወይም ባጃጁን በዓይኑ ያየ ሰው ግሩፑ ውስጥ ካለ፣ ዛሬውኑ ይውጣ። ያየውን ብቻውን ሆኖ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ለማንም ሳያነብ ወደ ፖሊስ ይሂድ።

ስለ ሾፌሩ ግን ከሁሉ በላይ ያስቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ሰዓቱ እኔ እንዳልኩት ከሆነ፣ ያ ባጃጅ በ8 ሰዓት ከ12 በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ዓይኑን ከፍቶ የሚሄድ ምናልባት ብቸኛው ሰው ነበር። ልጁ ወደየት እንደታጠፈ፣ ማን እንደጠራው ያየ ካለ እሱ ነው። ፊቱን ብትለጥፉት ይጠፋባችኋል። ወይ ይሸሻል፣ ወይ አፉን ይዘጋል፣ ወይ የከፋ ነገር ይደርስበታል። በጥቅምት 2011 በምዕራብ ጎጃም ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊጎዱ መጡ» በተባለ ወሬ በሕዝብ ተደብድበው ተገድለዋል። የልጅ ጉዳይ ሲሆን ሰው ልቡ አይደለም የሚቀድመው፤ እጁ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከናንተ ጋር አይቆምም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3 ተከሶ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው እንኳ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። ያልተከሰሰውን ሰው «አፋኝ» ብሎ መለጠፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል። በስልክና በኮምፒውተር ሲደረግ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። «ግሩፑ ነው የለጠፈው» ማለት አያድንም፤ መልእክቱ ከማን ስልክ እንደወጣ ይታወቃል።

የቴሌውን ዘመድ ተዉት። ይህን በአጭሩ ነው የምለው። የሰው የስልክ ግንኙነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ መርማሪው ያወጣዋል። በጓሮ በር ከወጣ ዘመድየው ሥራውን ያጣል፣ ሊታሰርም ይችላል። ወረቀቱ ችሎት ፊት ሲቀርብም የተከሳሹ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ከየት መጣ?» ይሆናል። እውነተኛ ጥፋተኛ በዚህ ሲያመልጥ አይቻለሁ።

ሸበጡ። የልጅ ሸበጥ ደቻቱ ላይ ማግኘት ብቻውን ብዙ ነገር አይናገርም። ቀፊራ ገበያ ከጎኑ ነው፤ አሸዋ ገበያም እዚያው ነው። በቀን ስንት ሺህ እግር ያንን አሸዋ ይረግጠዋል። ባለፉት 9 ቀናት ውሃ ወርዶ ከነበረ ደግሞ ሸበጡ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ደቻቱ ከላይ ከተራራው ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ቢሆንም አትጣሉት። ከፌስታሉ አውጡት። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፤ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፤ ሻጋታ ደግሞ ለዲኤንኤ ምርመራ የሚጠቅመውን ያበላሻል። ንጹሕ ጓንት አድርጎ አንድ ሰው ብቻ ወደ ካኪ ፖስታ ያዛውረው። ፖስታው ላይ ይጻፍበት፤ ማን አገኘው፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ማን ነካው፣ ማን ቤት አደረ። አዎ፣ የነኩትን ሁሉ። አምስት ሰው ለክቶት ከሆነም አምስቱም ይጻፉ፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ መርማሪው ማንን ከማን እንደሚለይ እንዲያውቅ ነው። ፌስታሉንም አብራችሁ ስጡት።

እናትየው ጋ ይዛችሁት ሄዳችሁ «ይሄ የልጅሽ ነው?» እንዳትሉ። የቆሰለች እናት ሁሉንም «ነው» ትላለች። መጀመሪያ የልጇ ሸበጥ ምን ዓይነት እንደነበር፣ የት ጋ እንደተበላ፣ ማሰሪያው ተጠግኖ እንደሆነ ሳታይ ትናገራለች፤ ከዚያ ከሌሎች ተመሳሳይ ጫማዎች ጋር ተቀላቅሎ ይቀርብላታል። ይህ የፖሊስ ሥራ ነው። እናንተ ለእናትየው አንድ ነገር ንገሯት። የልጁን የጥርስ ብሩሽና ያልታጠበ ልብሱን አታንሳ፣ አትጠብ። በወረቀት ይቀመጥ። ነገ የሚነጻጸርበት ያስፈልጋል።

ደቻቱ ውስጥ እንቆፍር የሚል ሐሳብ ካለም አቁሙት። ቦታውን ታበላሻላችሁ፤ ራሳችሁንም ለአደጋ ትጥላላችሁ። በ1998 ክረምት ያ ደረቅ አሸዋ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ነው የሚደርሰው።

አሁን ወደሚያጣድፈው ነገር። ቪዲዮው እየጠፋ ነው። ዲቪአር ዲስኩ ሲሞላ ከአሮጌው እየሰረዘ በላዩ ይቀዳል። አራት ካሜራ ቀን ከሌት በጥሩ ጥራት የሚቀዳ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ከሳምንት ብዙም አይዘልም። ዛሬ 9ኛው ቀን ነው። አንዳንዱ ሱቅ ላይ ያ ቀን አሁን ጠፍቶ ይሆናል። እናንተ ጋ ያለው ደግሞ ቪዲዮው አይደለም፤ ስክሪኑ በስልክ የተቀረጸበት፣ ከዚያ ቴሌግራም የጨመቀው የቅጂ ቅጂ ነው። የባጃጁ ሰሌዳ እዚያ ላይ አይነበብም። በዋናው ላይ ሊነበብ ይችላል። ላይነበብም ይችላል፤ ካሜራው ርካሽ ከሆነ ዋናውም ተስፋ የለውም። ግን ፊት በአፕ ስትስሉ ሰሌዳው ከዲስኩ ላይ ቢሰረዝስ?

ባለሱቁን ለምኑት። ፖሊስ መጥቶ እስኪረከብ መቅዳቱን ያቁም። ፖሊስ ዛሬ ካልደረሰ በዲቪአሩ በራሱ ማውጫ፣ ልጁ ካለፈበት ከሁለት ሰዓት በፊት እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ያለውን የሁሉንም ካሜራ በፍላሽ ያውጣ። ሁለት ፍላሽ ይሁን። አንዱ ለመርማሪው፣ አንዱ እሱ ጋ ይቀመጥ። ዲስኩን ነቅሎ ኮምፒውተር ላይ መሰካት አይሞከር፤ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርግ?» ይላል፣ አንዱ ደንግጦ «እሺ» ይጫናል፣ በቃ። በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፎቶና ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፋይል ሲሆን አይጨመቅም።

ቀጥሎ ልጁ ወደሄደበት አቅጣጫ ያሉትን ካሜራዎች ቁጠሩ። መንገዱን በእግር ሂዱና በየበሩ ያለውን ካሜራ ጻፉ። እያንዳንዱ ጋ ያቺን የካሜራውንና የስልኩን ሰዓት አጠገብ ለአጠገብ የምታሳይ ፎቶ አንሱ። የሁሉም ስህተት የየራሱ ነው። መርማሪዎች የጠፋ ሰው መንገድ የሚከተሉት እንዲህ ነው፤ ከካሜራ ወደ ካሜራ፣ የእያንዳንዱን ሰዓት እያረሙ። ሠራተኛ ለሌለው ጣቢያ ይህ ዝርዝር ወርቅ ነው። 40 ሰው ደግሞ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። የማታ ቪዲዮ ካጋጠማችሁ የልብስ ቀለም አትመኑ። በጨለማ የሚሠራ ካሜራ ጥቁር ጨርቅን ነጭ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ልጁን ለመፈለግ ያዘጋጃችሁትን ፖስተር አይቼዋለሁ፤ ከመጠን በላይ ነገር አለበት። የልጁ ፎቶ፣ የጠፋበት ቀን፣ የለበሰው፣ የፖሊስ ጣቢያው ስልክ ይበቃል። የአባቱን ስልክ፣ የግንባሩን ጠባሳ፣ እናቱ የምትጠራበትን የቁልምጫ ስም አውጡት። ነገ አንዱ ደውሎ «ልጁ እኔ ጋ ነው፣ 30 ሺህ በቴሌብር ላክ» ይላል። ጠባሳውን ከፖስተሩ ስላነበበ ይነግራቸዋል፤ ያምኑታል። ከቤተሰቡና ከመርማሪው በቀር ማንም የማያውቃት አንዲት ምልክት ሁልጊዜ መቅረት አለባት። ደዋዩ የሚፈተነው በእሷ ነው። ስልክ ከተደወለም ቁጥሩና ሰዓቱ ይያዝ፣ ገንዘብ አይላክ፣ ወደ ፖሊስ ይኬድ።

ፖሊስ ለምን አይነግረንም ላልከው፣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ እየሠሩ ነው፣ ለ40 ሰው ከተናገሩት ደግሞ የሚፈልጉት ሰውም ይሰማዋል። ወይ አልሠሩም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በጩኸት ሳይሆን በጥያቄ ነው። ቤተሰቡ አንድ ሰው ይምረጥ፤ አጎት ቢሆን ይሻላል። እሱ ብቻ ይሂድና ይጠይቅ። የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው? መርማሪው ማን ነው? ድል ጮራና ሌሎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ ስሙ ያልታወቀ ልጅ አለ ወይ ተብሎ ተጠይቋል? መናኸሪያው፣ ባቡሩ፣ ሐረር፣ ጅጅጋ፣ ደወሌ ተነግሯቸዋል? ማስረጃ ስትሰጡም ዝርዝሩ ተጽፎ፣ የተረከበው ሰው ፈርሞ፣ ቅጂው ለእናንተ ይሰጥ። ጣቢያው መልስ ከነፈገ ወደ ኃላፊው፣ ከዚያ ወደ ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ይኬዳል። በነገራችን ላይ «24 ሰዓት ሳይሞላ አናመለክትም» ብላችሁ የመጀመሪያውን ቀን እንዳሳለፋችሁ ከጽሑፍህ አይቻለሁ። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የልጅ መጥፋት በደቂቃው ለፖሊስ ይነገራል።

እስካሁን መታፈንን ብቻ ይዛችሁ ሄዳችኋል። የጠፋ ልጅ ግን የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። መንገድ ስቶ ሌላ ሰፈር ሰው ቤት የተጠጋ ይኖራል። የሚያውቀው ዘመድ ይዞት የሄደ ይኖራል። ቤት ውስጥ የሚያስፈራው ነገር ኖሮ የሸሸም አለ። ከባዱም አለ፤ የቆመ መኪና ውስጥ ገብቶ የተቆለፈበት፣ ክዳኑ ክፍት ሮቶ ወይም የግንባታ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ። ከሱቁ በር ጀምራችሁ የቆሙ መኪኖችን፣ ጅምር ቤቶችን፣ የውሃ ማጠራቀሚያዎችን ከባለቤቶቹና ከፖሊስ ጋር ሆናችሁ ፈትሻችኋል? በጥያቄህ ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል አላየሁም። ጎረቤትን ከመጠርጠር ይህን መፈተሽ ይቀድም ነበር። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም አልተጠቀማችሁም። ሐረር ያሉ ዘመዶችም እዚያ ያስነግሩ።

እንግዲህ የምመክርህ ይህ ነው። ግሩፑ ምርመራውን ያቁምና ማስረጃ ማስቀመጥ ይጀምር። ስለማንም አትወስኑ፤ የሚጠፋውን ሰብስቡ፣ ጻፉ፣ አስረክቡ። የሾፌሩን ስም ለመርማሪው በቃል ንገሩ፤ «ተጠርጣሪ» ሳትሉ «ምናልባት ያየ ሰው» ብላችሁ። ፊቱን ያገኛችሁት በአፕ እንደሆነም ሳትደብቁ ንገሩት። በአፕ የተሠራውን ፎቶም አብራችሁ ስጡ፤ ከስልካችሁ ግን ይጥፋ።

እናትየው ጋ ግን አንተ ራስህ ሂድ። መቼም ያ 19:12 ጆሮዋ ሳይደርስ አይቀርም። መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ሁለት ስልክ ይዘህ ሱቁ ግባና ያቺን ፎቶ አንሳ።